ከአዋሽ ወዲያ ማን ይነዳል

እኛ ሰፈር፣ ጉርድ ሾላ፣ ሰው ለዕረፍት ገጠር ሊወጣ ነው ከተባለ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወዴት?» ብሎ ሳይሆን «በምን?» ብሎ ነው። መድረሻው የታወቀ ነው፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለበት ነው። የሚያስጨንቀው መንገዱ ነው። እኔም ከስድስት ቀን ጉዞ ተመልሼ መገናኛ ባለው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ የምጀምረው ከዚያው ጥያቄ ነው፤ «በምን?» የሚለው ቃል እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶናልና።

ጥሪው የመጣው ከሐጂ ዑመር ነበር። አባቴ አርባ ዓመት ገደማ ከባድ መኪና ሲነዱ፣ መጀመሪያ አሰብ፣ ኋላ ጅቡቲ ሲመላለሱ፣ ሐጂ ዑመር የመንገድ ጓደኛቸው ነበሩ። አሁን ከአሰበ ተፈሪ ወጣ ብሎ ያለ እርሻቸው ላይ ተቀምጠው ማንጎ ያበቅላሉ። «ማንጎው ደርሷል፣ ቤተሰብህን ይዘህ ና» ብለው ደወሉ። ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው ከለቡ በባቡር እስከ ሚኤሶ፣ ከዚያ ዳገቱን በሚኒባስ መውጣት ነው። ሁለተኛው ነጯን አሮጌ መኪናችንን ይዞ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ እስከ እርሻው በር መንዳት ነው።

እኔ የፈለግኩት ባቡሩን ነበር። ለሰው የምናገረው ምክንያት ብዙ ነው፦ የነዳጅ ሰልፍ፣ የጎማ ነገር፣ የእናቴ ወገብ። እውነቱ ግን አባባ ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ እያየኋቸው፣ ፊት ለፊቴ መጥተው፣ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። «አባባ!» ስል ድምፄን ተከትለው ዞሩና «ሐሳብ ይዞኝ ሄደ» አሉ። የመኪናዋ የቀኝ ጎን ደግሞ ከግቢው በር ጋር እየተላተመ ቀለሙ ተገፏል። «ማን ገጨብን?» ሲሉ ሁላችንም «የሰፈር ልጆች ናቸው» እንላለን።

በእኛ ቤት የአባት ጉድለት ለአባት አይነገርም። ወላጆቼ ከወሎ ይዘውት የመጡት ነው፤ እኛም ሳንጠይቅ ተቀበልነው። ቦሌ ሩዋንዳ የሚኖረው ወንድሜ ሰይድ ጋ ደወልኩ።

«አንተ ንገራቸው። ወንድ ልጅ ነህ» አልኩት።

«አንቺ ትልቋ ነሽ። ደግሞ አንቺን ይወዱሻል።»

«ስለሚወዱኝ እኮ ነው የማልችለው።»

«በቃ ዝም ብለሽ ባቡሩን አመስግኚላቸው፤ ራሳቸው ይመጣሉ» አለና ስብሰባ አለኝ ብሎ ዘጋው።

ባቡሩን አመሰገንኩ። አባባ ሻያቸውን እየጠጡ ሰሙኝና «ባቡር ላይ ሹፌሩን አታዪውም» አሉ። «የማታዪውን ሰው እንዴት ታምኛለሽ?» ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወጣን። አባባ ማንንም ሳይጠይቁ መሪው ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ ከጎናቸው፤ እኔ ከኋላ፣ ለሐጂ ዑመር ቤት በተያዘው ስኳርና በርበሬ መሀል። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ በየቀኑም ከጉርድ ሾላ መገናኛ እነዳለሁ፤ ለአባባ ግን ያ መንዳት አይደለም፣ መግፋት ነው።

«ተራ በተራ ነው አይደል?» አልኩ።

«ከአዳማ ወዲያ» አሉ።

ከአዳማ ወዲያ ደግሞ «ከመተሐራ ወዲያ» እንደሚሉ አውቄዋለሁ።

እስከ ጎሮ ድረስ አባባ የነዱት በዓይናቸው ሳይሆን በቃላቸው ነው። ጉድጓዱን ገና ሳይደርሱበት ይሸሹታል፣ መታጠፊያው ጋ ማርሹ በራሱ የሚወርድ ይመስላል። አዲስ አበባ እንደ ድሮዋ ሆና ብትቆይላቸው ኖሮ ማንም ባላወቀባቸው ነበር። ግን መንገዱ በየወሩ ይቀየራል፤ ትናንት መታጠፊያ የነበረው ዛሬ የአበባ መደብ ነው።

እዚያ ነው ሌላ ነገር ያስተዋልኩት። እናቴ መኪና ውስጥ ዝም የምትል ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን አፏ አልዘጋ አለ።

«ይሄ ቀይ ሚኒባስ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ሰው ያወርዳል፤ አያፍርም?»

አባባ ፍሬን ያዙ።

«ባጃጁን እዩት፣ በቀኝ በኩል ሹልክ ሊል ነው። እናት የለውም?»

አባባ ወደ ግራ ያዙ።

እናቴን እርጅና ነዝናዛ አድርጓታል ብዬ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ግን ገባኝ፤ እናቴ እየነዘነዘች አይደለም፣ መንገዱን እያነበበችላቸው ነው። መቼ እንደተጀመረ እንጃ። እኔና ሰይድ በስልክ ስንወራወረው የከረምነውን ነገር እሷ ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። ወደ መስተዋቱ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ቶሎ ብላ ወደ መንገዱ ዞረች።

ፈጣን መንገዱ ላይ ትንሽ ተነፈስኩ። ሰፊ ነው፣ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ለማያውቀው ለመንገር ያህል፣ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ በሰልፍ ሰዓት በሚፈጀው ጊዜ እዚያ ሞጆን ያልፋሉ። አዳማ ምሳ በላን፣ አባባ መስጊድ ገብተው ዙህር ሰገዱ፣ ተመልሰው ደግሞ የሰው ነጭ መኪና በር ላይ ቁልፋችንን ከትተው ሲታገሉ አገኘኋቸው። ዘበኛው እየሳቀ ነበር። «ነጭ መኪና በዛ» አሉ፤ እኔም «በጣም በዛ» አልኩ። ልንዳ ብል «ከመተሐራ ወዲያ» አሉኝ።

ከአዳማ ወዲያ መንገዱ ይጠባል፤ የጅቡቲ ተሳቢዎች አንዱ የሌላውን ጭራ ይዘው ይመጣሉ። አየሩም ሌላ ነው። ጉርድ ሾላ በዚያ ሰዓት ሹራብ ያስለብሳል፤ እዚህ የመኪናው ወንበር ከሰው ገላ ጋር ይጣበቃል። መተሐራን አልፈን፣ ያንን እሳተ ገሞራ ያነጠፈውን ጥቁር ድንጋይ ስንጨርስ፣ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማማረሯን ተወችና ጮኸች።

«ቅጠል! ቅጠል!»

የመንገድ ሰው ያውቀዋል፦ አስፋልት ላይ የተጣለ ቅጠል ካለ ከፊት የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። ቅጠሉን ረግጠን አልፈን ነበር። የቆመው ተሳቢ ጀርባ የእኛን መስታወት ሞላው። አባባ መሪውን ወደ ግራ ሲመዝዙት ከፊት አንድ ከባድ መኪና እያንባረቀ መጣ፤ በሁለቱ መሀል እንዴት እንዳለፍን አላህ ነው የሚያውቀው። የበርበሬው ቋጠሮ ተፈትቶ ላዬ ላይ ፈሰሰ።

ዳር ይዘን ቆምን። ሞተሩ ጠፋ። እኔ በርበሬ አስነጠሰኝና እንባዬ ወረደ፤ እንባው የበርበሬ ብቻ አልነበረም።

አባባ «ፀሐዩ ነው» አሉ። «ፊት ለፊት መታኝ።»

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የምንሄደው ደግሞ ወደ ምሥራቅ። ፀሐይ ከኋላችን ነበረች።

«አዎ፣ ከባድ ፀሐይ ነው» አልኩ።

ቀሪውን መንገድ ወደ አዋሽ በኤሊ እርምጃ ሄድን። ልንዳ ብዬ አልጠየቅኩም። ከደነገጥኩት በላይ የፈራሁት እሳቸውን ማሳፈር ነበር፤ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

አዋሽ ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ ይባላሉ። ስማችንን ሲሰሙ ሙስሊሞች መሆናችንን ገመቱና፣ እኛ እንቁላል ይበቃናል ብንል አሻፈረኝ ብለው፣ ጎረቤታቸውን ሐሊማን ጠርተው ዶሮ አሳረዱ፤ ወጡንም በሐሊማ ድስት፣ በሐሊማ ቤት አሠርተው አመጡልን። ቦሌ አካባቢ ባለ ኮከብ ሆቴል ገብተው ይህን ቢጠይቁ ፎርም ያስሞሉዎታል። የመኝታ ክፍሉ እንደ ምድጃ ስለሚግል አልጋዎቻችንን ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አስወጡልን፤ አንሶላውንም ውሃ ነክረው ጨምቀው አነጠፉት። አባባ ዶሮዋን እያሞገሱ በሉ። እናቴ አንድ ጉርሻ አልወረደላትም።

እሁድ

ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ከሚኤሶ በኋላ ስላለው ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። አንድ በኩል ተራራ፣ አንድ በኩል ገደል። ጠዋት ወይዘሮ ብርቄ «ባቡሩ አንድ ቀን ይወርዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል፤ ነገ የመውረጃው ቀን ነው» ሲሉኝ መላው ራሱ መጣልኝ። አባባ ላይ ጉድለት መናገር ካልተቻለ መኪናዋ ላይ ይነገራል።

ጎማ ላስነፋ ነው ብዬ ወጣሁና አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ተስፋዬ የሚባል፣ ጢሙ ሸበት ያለ ሰው ነው። ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኩት።

«የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሄዷል፣ በዚህ አይነዳም፣ ዕቃው ከአዳማ እስኪመጣ ትቆይ በልልኝ።»

«እህቴ፣ ጤነኛ መኪና ላይ በሽታ መጥራት ደስ አይለኝም። ሟርት ነው» አለ።

«አባትህ ቢሆኑስ?»

መፍቻውን አገላበጠው። «የኔ አባት ገበሬ ነው፤ በሬው ነው የሚያይለት» አለና ሳይወድ ተከተለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት መለዋወጫ ሸጬ ኩሽኔታን መምረጤ ዛሬም ይቆጨኛል። ኩሽኔታ ጎማው መሀል ተደብቆ የሚያዞረው የብረት ቀለበት ነው፣ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ አባባ አያዩትም አልኩ። ኩሽኔታ የሚታወቀው በእጅና በጆሮ መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

ተስፋዬ መርዶውን አረዳ። አባባ ዝም ብለው ሰሙትና «ስታሽከረክረው ምን ይላል?» አሉ።

«ይጮኻል፣ ጋሼ።»

«ሲጮኽ እንደ ጥራጥሬ ወፍጮ ነው እንደ ዝናብ?»

ተስፋዬ እኔን አየኝ። «እንደ… ወፍጮ» አለ።

«ደግ» አሉ አባባ። ጆንያ አስመጥተው አነጠፉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ክሪኩን በዳበሳ ቦታው ላይ አስገብተው መኪናዋን አነሷት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው መሬት ላይ ተንበርክከው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። አሽከረከሩት፤ አንድ መዳፋቸውን ከጎማው ጀርባ ስፕሪንጉ ላይ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ከቀኙ ወደ ግራው ሄዱ። ተመልሰው ቀኙን ደገሙት። እኔ ጥላው ውስጥ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከቆምኩበት ይሰማኛል፣ ጎማው እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው። እናቴ መቁጠሪያዋን ያዘች። ተስፋዬ ትንሽ በትንሽ ወደ በሩ አፈገፈገ። ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰለኝ።

አባባ ተነሡ። «እጄን አስታጥቢኝ» አሉ። ሳሙናውን ቀስ ብለው አረፋ አስያዙት፤ ጣት በጣት ታጠቡ።

«ሄዷል» አሉ።

«እ?» አልኩ።

«ኩሽኔታው ሄዷል። በባቡር እንሂድ።»

ወደ ክፍሉ ገቡ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ግን ውሃውን እግሬ ላይ እያፈሰስኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ጤነኛ ድምፅ ካልሰሙት ጆሯቸውም ደክሟል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ስለ ዓይናቸው ያላለቀስኩትን ለጆሯቸው አለቀስኩ። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አልታየኝም።

ሰኞ

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ወይዘሮ ብርቄ የወንድማቸውን መኪና ለምነው አደረሱን፤ ለመንገድም አንድ ፌስታል ብርቱካን ሰጡን። እንክፈል ስንል ተቆጡ። መታወቂያ አሳይተን ትኬት ገዛን። ለጉርድ ሾላ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ይህ ባቡር በደጃችን እንደሚያልፈው ቀላል ባቡር አይደለም፤ ሰው እንደ ሰርዲን አይታጨቅም፣ ቁጥር ያለው ወንበር አለው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው። አባባ ደረጃውን በእግራቸው ለክተው ወጡ። መስኮት ዳር ይቀመጡ ስንል መተላለፊያውን መረጡ።

ፊት ለፊታችን ወደ ድሬዳዋ የምትመለስ አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ተቀምጣለች። ድሬዎች ለሽማግሌውም ለሕፃኑም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ሰምቼ አውቃለሁ እንጂ አባቴ ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

«አንተ፣ ከየት ነህ?» አለቻቸው።

እናቴ ደነገጠች። አባባ ግን ፈገግ አሉ። «ከሸገር።»

«አቦ፣ እዚያ ብርድ እንዴት ትኖራላችሁ?»

ደስ የሚል ጨዋታ ነበር፤ እስከሚቆም ድረስ። ባቡሩ መሀል ሜዳ ላይ ቆመ። ግመሎች ሐዲዱ ላይ ገብተው ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት ጎረፈ።

«አንተ፣ እይ እንጂ! ያችን ነጭ ግልገል አየሃት? ከእናትየዋ ሥር!» አለች ሴትዮዋ፤ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሳበቻቸው።

አባባ መስታወቱ ላይ ተደገፉ። «አየኋት። ታምራለች።»

እሳቸው የዞሩበት አቅጣጫ ባዶ ሜዳ ነበር። ግመሎቹ ያሉት ወደ ፊት፣ ሐዲዱ ላይ ነው። ሴትዮዋ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ፊታቸውን ከቅርብ አየችው።

«አንተ፣ ዓይንህ…»

እናቴ በፍጥነት ብርቱካን ልጣ ግማሹን እጇ ላይ አደረገችላት። «ብዪ እህቴ፣ የአዋሽ ነው፣ ብዪ።» ሴትዮዋ ብርቱካኑን ያዘች፣ እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየችና ገባት። እስከ ሚኤሶ ድረስ ብርቱካኗን ብቻ በላች። ስንወርድ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እናንተ ሸገሮች፣ ሰው ታከብራላችሁ ወይስ ትፈራላችሁ?» አለችኝ። ተናደድኩባት። ምን አገባት ብዬ እስከ ሚኒባሱ ድረስ አጉረመረምኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ሐጂ ዑመር እርሻ ላይ የነበሩት ሁለት ቀኖች የጉዞው ዕረፍት መሆን ነበረባቸው። ዳገቱ ላይ አየሩ ወይና ደጋ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የእኛን ሰፈር ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እዚህ በክላክስ ፋንታ ዶሮ ይጮኻል። አባባ ከዛፍ ዛፍ እየተዘዋወሩ ማንጎውን በመዳፋቸው እያዩ «ይሄ ዓርብ ይደርሳል፣ ይሄ ገና ነው» ይላሉ። ሐጂ ዑመርም «አልተሳሳተም» ይላሉ። እዚያ ዛፎች መሀል ምንም የጎደላቸው አይመስሉም ነበር።

ረቡዕ ከእርሻው በታች ወዳለው ምንጭ ልንወርድ ስንል ሐጂ ዑመር የፒክአፓቸውን ቁልፍ ለአባባ ወረወሩ። ቁልፉ መሬት ወደቀ። «እርጅና ነው» ብለው እያሾፉ አንሥተው ሰጧቸው። «በል ንዳን፣ እንደ ድሮው።» ክብር ነው፤ የመንገድ ጓደኛ ለጓደኛው ከዚህ በላይ ክብር የለውም።

አባባ ገቡ። ሞተሩን አስነሡ። ከእርሻው በር ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ይታጠፋል፣ ከመታጠፊያው በታች ገደል ነው። እናቴ እጄን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ገባ። አባባ ግን ማርሽ ሳያስገቡ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ጎማውን ሲያዳምጡ እንደነበሩት ነው። አንድ ቃል የሚጠብቁ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ «ሐጂ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ እማዬ ጫማዋን ልትቀይር ነው» አልኩ።

አባባ ሞተሩን አጠፉት። «ዛሬ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ አይነዳም» ብለው ወረዱ።

ሐሙስ

በመመለሻው ባቡር አዋሽ ስንደርስ ቀትር ነበር። በመንገዱ ሁሉ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነው፤ የውሸቴን መሄጃ እንጂ መመለሻውን አላሰብኩትም። መኪናዋ «ድናለች»። ዳነች ማለት ደግሞ ከአዋሽ ወዲያ፣ በዚያው በተሳቢዎቹ መንገድ፣ መሪውን የሚይዙት አባባ ናቸው።

ተስፋዬ መኪናዋን አጥቦ ኒሙ ሥር አቁሟት ጠበቀን። «ተቀይሯል ጋሼ፣ እንደ አዲስ ናት።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ አባባ። «የወጣውን አሮጌውን አምጣልኝ።»

የሀገራችን ባለመኪና የማይረሳው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ መቀየሩ የሚታወቀው በዚያ ነው። በየቀኑ ደንበኞቼ አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሱቄ ይመጣሉ። እኔም ተስፋዬም አላሰብነውም።

ተስፋዬ ወደ ጋራዡ ሮጠ። ተመልሶ ግራሶ የተቀባ ኩሽኔታ አባባ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

አባባ መዘኑት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ አሽከረከሩት።

«ይሄ የአይሱዙ ነው» አሉ።

ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ በቀስታ ከግቢው ወጣ።

«ዘይነብ።»

«አቤት።»

«ከእኔ መኪና የወጣው ምንድን ነው?»

ወይዘሮ ብርቄ ከኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። እናቴ «የዘይነብ አባት፣ መንገድ ሳይመሽብን…» ማለት ስትጀምር አባባ እጃቸውን አንሥተው አቋረጧት። ከዚያ ወዲያ የማመልጥበት ቀዳዳ አልነበረም። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ምንም አልወጣም። መኪናዋ ምንም የለባትም፣ አባባ። ዓይንዎ ነው። አያዩም።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አባባ ግን ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ግቢው ውስጥ ያለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከረመዳን ወዲህ።»

«እኔ ከዚያም በፊት ነው። ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት እንዳይነግረኝ ነው። እናንተ ዝም ስትሉ ደግሞ፣ ልጆቼ ካላስተዋሉት ያን ያህል አልከፋም ማለት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።» ኩሽኔታውን መዳፋቸው ላይ አዞሩት። «ቅዳሜ ዕለት ግን ቅጠሉን አላየሁም። መኪናውንም አላየሁም። የሰማሁት እናትሽን ነው። ያኔ ነው የነቃሁት። ፀሐዩ ነው አልኩሽ፤ ፀሐዩ ጀርባዬን እየፈጀኝ ነው የተናገርኩት። አይደለም እንድትዪኝ ነበር። አዎ አልሽኝ። ኩሽኔታው ሄዷል ስልሽ፣ ኧረ አልሄደም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ሐጂ ቤት ሞተር አስነሥቼ ጠበቅኩ።»

«ማሳፈር ፈርቼ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። እኔም አፍሬ ነው በራሴ አፍ ያልተናገርኩት። ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ፤ የሚለውን ይበል።»

ተነሡ። ቁልፉን መዳፌ ውስጥ አደረጉና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፏቸው። በዳበሳ የመኪናዋን ጎን ይዘው ሄዱ፤ የፊቱን በር ለእናቴ ከፈቱላት፤ እስክትቀመጥ ጠብቀው ዘጉላት። ከዚያ የኋላውን በር ይዘው፣ እሷ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩኝ፤

«ከጎኔ የተቀመጠችው እናትሽ ነበረች እኮ። እኔን አክብረሽ እሷን ልትገድያት ነበር።»

ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ።